የመጀመሪያ 22 ካሊበር ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ ስትገዙ፦ ከባሕር ዳር የተጻፈ መመሪያ

ከ2020 በፊት ከ200 እስከ 250 ዶላር ይዞ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ የገባ ሰው ደህና 22 ካሊበር ጠመንጃ ይዞ ይወጣ ነበር። ዛሬ ያችው ጠመንጃ 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ትጠይቃለች። (ጉዳዩ የአሜሪካ ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) እዚያ አገር በስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ ከጠመንጃ መሸጫው ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ብዙ ሠርቻለሁ፤ አሁን ኑሮዬ ባሕር ዳር ነው። ለገናና ለጥምቀት የሚመጡ ወጣቶች ጣና ዳር ዓሣ ቤት ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ የትኛዋን ልግዛ?» ይሉኛል። እናቶቻቸው ደግሞ ከጎን ሆነው «ኧረ ጠመንጃ ምን ሊያደርግለት!» ይላሉ። ለሁለቱም ወገን የምመልሰውን በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። ይህ ጽሑፍ ስለ አሜሪካ ሕግና ስለ አሜሪካ ሱቅ ብቻ ነው። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ እንደዚያ ሱቅ ገብቶ ከመደርደሪያ መርጦ መውጣት የለም። ከዚያ ገዝቶ በሻንጣ ይዞ መምጣትም ጨርሶ አይታሰብ። ከአሜሪካ ለማስወጣትም ፈቃድ ይጠየቃል፣ እዚህ ሲደርስም ወንጀል ሆኖ ይጠብቃችኋል። «ለአባቴ ማስታወሻ» የሚል ምክንያት ጉምሩክ ፊት አይሠራም።

የምትገዙት ምን እንደሆነ

በጎጃም ያደገ ሰው ጠመንጃ ሲባል ትዝ የሚለው ውጅግራና ምንሽር ነው፤ ትከሻ የሚመታ፣ ድምፁ ከተራራ ተራራ የሚያስተጋባ። 22 ካሊበር ከዚያ ቤተሰብ አይደለችም። «22 ሎንግ ራይፍል» የሚባለው ጥይት ከ1887 ጀምሮ ያለ ሲሆን የተለመደው እርሳሱ 2.6 ግራም ብቻ ይመዝናል። ትከሻ ላይ የሚሰማ ግፊት የላትም ማለት ይቻላል። አሜሪካውያን ልጆቻቸውን ዒላማ የሚያስተምሩት፣ ጥንቸልና ሽኮኮ የሚያድኑት በእርሷ ነው። ጣና ዳር እርሻ ያላቸው አንድ አዛውንት ጉማሬ ታባርር እንደሆነ ጠይቀውኛል። አታባርርም፤ አቁስላ ታስቆጣዋለች እንጂ።

በእንግሊዝኛ ሪምፋየር የምትባልበት ምክንያት በአሠራሯ ነው። በትላልቆቹ ጥይቶች ቀለህ ቂጥ መሐል ላይ ካፕሱል አለ፤ መምቻው እርሱን ይመታል። በ22 ግን ካፕሱል የለም። የሚቀጣጠለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል፣ መምቻውም ጠርዙን ጨፍልቆ ያቀጣጥለዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ አንዴ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና አይሞላም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ጥይት ትገዛላችሁ። ሁለተኛው፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ያለ ጥይት ቃታ መሳብ መምቻውን ከብረት ጋር ያጋጨዋል፤ ይህን ማወቅ ያገለገለ ጠመንጃ ስትመረምሩ ይጠቅማችኋል።

ዋጋው ለምን ወጣ?

በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ አሜሪካውያን ወደ ጠመንጃ ሱቅ ጎረፉ። መደርደሪያው በሳምንታት ውስጥ ባዶ ቀረ፤ ቅናሽ የሚባለው ነገርም አብሮ ጠፋ። በዚያው ዓመት የጠመንጃ ፋብሪካው ሬሚንግተን ከሰረና ተከፋፍሎ ተሸጠ። በሥሩ የነበረውን ማርሊንን ሩገር የተባለው ሌላ የጠመንጃ ፋብሪካ ገዛው፤ ነገር ግን ከ1960 ጀምሮ ከ11 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ማርሊን 60፣ ከርካሾቹ አንዷ የነበረችው፣ ማምረቻዋ ቆመ። ከታች ያለው ደረጃ እንዲህ ሲነሳ መሰላሉ ሁሉ ከፍ አለ። በዚያ ላይ የብረቱ፣ የእንጨቱ፣ የሠራተኛው ዋጋ ጨመረ። ከውጭ የሚመጡትም አሉ፦ ሮሲ ከብራዚል፣ ሲዜድ ከቼክ ሪፐብሊክ፣ የሳቬጅ 22 ጠመንጃዎች ከካናዳ። ቀረጥ በተጣለ ቁጥር ይነካቸዋል። በ1937 በወጣ ሕግ ደግሞ በእያንዳንዱ ረጅም ጠመንጃ (ሽጉጥ ያልሆነ) እና ጥይት ላይ 11 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ አለ፤ ፋብሪካው ስለሚከፍለው ደረሰኝ ላይ አታዩትም፣ ዋጋው ውስጥ ግን አለ። ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል።

ይሁንና ሰው «ተወደደ» ሲል ከመቼ ወዲህ እንደሚል መጠየቅ ጥሩ ነው። ሩገር 10/22 የምትባለው 22 ጠመንጃ በ1964 ለገበያ ስትቀርብ ዋጋዋ 54 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ይህን በዋጋ ንረት ወደ አሁኑ ዶላር ብታመጡት 550 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዛሬ 300 ዶላር ገደማ የምትሸጠው ሩገር ከአያቷ ረክሳለች ማለት ነው። የጠፋው በ2010ዎቹ የነበረው የርካሽ ዘመን ነው፤ ያ ዘመን ደግሞ ይመለሳል ብዬ አላስብም። ስለዚህ «ዋጋው ይውረድ፣ ያኔ እገዛለሁ» የሚለውን ምክር አልሰጥም። እዚህ ያለ ዘመድ ዋጋውን ወደ ብር መንዝሮ ቢደነግጥ አትፍረዱበት። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 300 ዶላር በባንክ ምንዛሪ 17,000 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጥፍ አልፏል። ለእርሱ የተወደደው ጠመንጃው ሳይሆን ዶላሩ ነው።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን ተመልከቱ

ብዙ የእኛ ልጆች ጠመንጃዋን መርጠው፣ ገንዘቡን ቆጥረው፣ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ዜጋ የሆነ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ ክልከላ ከሌለበት፣ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በመሠረቱ አይችልም፤ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠባበቁ ወይም ሌላ ዓይነት ወረቀት ያላችሁ ከሆነ ሱቁን ሳይሆን የስደት ጉዳይ ጠበቃ ጠይቁ። የባንኮኒ ሠራተኛ ቅጽ ያስሞላል እንጂ ከመባረር አያድንም።

ቀጥሎ ያላችሁበትን ግዛት ሕግ እዩ። የፌዴራሉ ሕግ ረጅም ጠመንጃ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ግዛቶች ግን ያጠብቁታል፣ አንዳንድ ትልልቅ መደብሮችም በራሳቸው ደንብ ከ21 በታች ላለ አይሸጡም። ወገኖቻችን በሚበዙባቸው ቦታዎች እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ምዝገባ ይጠይቃል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ለረጅም ጠመንጃ የግዢ ፈቃድ የለም። ሲያትል ያላችሁ ከ2024 ጀምሮ የደኅንነት ሥልጠና ማስረጃ ማቅረብና 10 የሥራ ቀን መጠበቅ አለባችሁ። ካሊፎርኒያም 10 ቀን ያስጠብቃል፤ ኢሊኖይ ፎይድ የተባለ ካርድ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ማንም በግልጽ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የሚሞላው ቅጽ፣ 4473 የሚባለው፣ ሕገወጥ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚ መሆናችሁን ይጠይቃል፤ ማሪዋና በግዛታችሁ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ እንደማይፈቀድ እዚያው ላይ ተጽፏል። ጫትም ከዚህ አያመልጥም። በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ጫትን እንደ ቡና ቆጥሮ «የለም» ብሎ ምልክት ሊያደርግ ይችላል፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። የምትቅሙ ከሆነ ጠመንጃ አትግዙ።

ከጠመንጃዋ ዋጋ ይልቅ የዓመቱን ወጪ አስሉ

ገዢዎች 50 ዶላር ለማትረፍ ሦስት ሱቅ ሲዞሩ አያለሁ። እስቲ እንቁጠር። በወር አንድ ቀን ተኩስ ሜዳ ሄዳችሁ 200 ጥይት ብትተኩሱ በዓመት 2,400 ይሆናል። አንዷ ጥይት 8 ሳንቲም ብትሆን 192 ዶላር። የሜዳው ክፍያ በየጊዜው 20 ዶላር ቢሆን 240። በድምሩ 432 ዶላር፤ ይህ ከጠመንጃዋ ዋጋ ይበልጣል። በዚህ ላይ የጆሮ መከላከያና መነጽር፣ የሚቆለፍ ሣጥን፣ የሽያጭ ታክስ አለ። 300 ዶላር ብቻ ያለው ሰው የ300 ዶላር ጠመንጃ መግዛት አይችልም። የ180 ዶላሯን ገዝቶ በቀረው ቢለማመድ ዒላማ መምታት ይማራል።

ጥይቱ ራሱ የጉዳዩ እምብርት ነው። በ2013ም በ2020ም 22 ጥይት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ከ2020 በፊት 5 ሳንቲም አካባቢ የነበረው፣ እጥረቱ በበረታበት ጊዜ ከ10 ሳንቲም አልፎ ተሸጧል። ጠመንጃ ይዞ ጥይት ማጣት ዓሣ ቤት ገብቶ ዳቦ እንደመብላት ነው። ስለዚህ ቤታችሁን የጥይት መጋዘን ሳታደርጉ ለጥቂት ወራት የሚበቃ ይኑራችሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ከአንድ ዓይነት ብዙ አትግዙ። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እንኳ የሚወዱት ጥይት ይለያያል፤ ከአራት አምስት ዓይነት አንዳንድ ትንሽ ሣጥን ወስዳችሁ ወረቀት ላይ ሞክሩ፣ ቀዳዳዎቹን የሰበሰበችላችሁን ከዚያ በኋላ በብዛት ግዙ።

የትኛዋን?

ጥያቄው በአጭሩ በእጅ እየተቀባበለች የምትተኮስ ወይስ ቃታ በተሳበ ቁጥር በራሷ የምትቀባበል የሚል ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ፤ ከዚህ ሐሳብ ያነቃነቀኝ ሰው የለም። በእያንዳንዱ ጥይት መሐል እጃችሁ ይሠራል፣ ትንፋሻችሁ ይረጋጋል፣ ጥይትም ታተርፋላችሁ። በራሷ የምትቀባበለው አሥሩን ጥይት በአንድ ትንፋሽ አስጨርሳ ደስ ታሰኛለች፤ ደስታው ግን 80 ሳንቲም ያስከፍላል፣ ትምህርቱም ያን ያህል ነው።

ከርካሹ እንጀምር። ሮሲ ከ200 ዶላር በታች የሚገኙ ሞዴሎች አሉት፤ ሰደፋቸው ፕላስቲክ፣ አጨራረሳቸው ሻካራ ነው፣ ግን ይተኩሳሉ። ልጅ ለማስተማር ሳቬጅ ራስካል የምትባል አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ አጭር ጠመንጃ አለች። ከዚያ ከፍ ሲል ሳቬጅ ማርክ 2 ትመጣለች። የእኔ ምክር እርሷ ናት፤ የቃታዋ ክብደት የሚስተካከልባቸው ሞዴሎች አሏት፣ በዋጋዋ ደረጃ ትክክለኛነቷን የሚያህል ብዙ አይገኝም። ሩገር አሜሪካን ሪምፋየርም ጠንካራ ናት፣ ዋጋዋ ከፍ ይላል። ሲዜድ 457 ከ500 ዶላር በላይ ትሄዳለች፤ የብረቱ ሥራ ያምራል፣ ለልጅ ልጅ ትተላለፋለች፣ የመጀመሪያ መሆን ግን የለባትም።

በራሷ የምትቀባበል ካልሆነች አልፈልግም ያላችሁ እንደሆነ ሩገር 10/22ን ውሰዱ። አሥር ጥይት የሚይዘው ክብ ካዝናዋ ከሆዷ ወጣ ሳይል ይገጥማል፣ መለዋወጫዋም በየቦታው ሞልቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ያ መለዋወጫ ገንዘብ ይበላል። ጠመንጃዋን በ300 ገዝቶ ቃታ፣ በርሜል፣ ሰደፍ እያለ 900 ያደረሰ ደንበኛ በየሳምንቱ አይ ነበር።

የማነጣጠሪያ መነጽሩን ለጊዜው ተዉት። ጠመንጃዋ የብረት ማነጣጠሪያ ካላት በእርሱ ጀምሩ፤ ከሌላት 22 ላይ የሚገጠም መጠነኛ መነጽር ይበቃል።

ያገለገለች ስትገዙ

እውነተኛው ርካሽ ያለው እዚህ ነው። 22 ጠመንጃ በቶሎ አታረጅም፤ እርሳሱ ለስላሳ፣ ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ በርሜሏ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት ትችላለች። ማርሊን 60ን ዛሬ የምታገኙት ያገለገለች ሆና ብቻ ነው።

ስትመረምሩ መጀመሪያ ሻጩ ጠመንጃዋን ከፍቶ ባዶ መሆኗን ያሳያችሁ፣ እናንተም በዓይናችሁ ብቻ ሳይሆን በጣታችሁ አረጋግጡ። አፈሙዟን ወደ ማንም ሳታዞሩ መቀባበያውን አውጡና በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ጠመዝማዛው ጭረት እስከ ጫፍ ድረስ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ግራጫ ጭቅቅት ከሆነ እርሳስ ነው፣ ይጸዳል፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ጥቁር ነገር ከሆነ ዝገት የበላው ነው፣ ተዉት። አሁን ጥይት የሚቀመጥበትን አፍ በትንሽ ባትሪ አብሩበት። ጠርዙ ላይ መምቻው የቀጠቀጠው ትንሽ ስርጉድ ካያችሁ፣ ያለ ጥይት ቃታዋ ብዙ ጊዜ ተስቧል ማለት ነው። ስርጉዱ ጥልቅ ከሆነ ቀለሁ ሲወጣ ይይዘዋል፣ ጥይትም መክሸፍ ይጀምራል። ይህን ጠቁማችሁ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም አልፋችሁ ሂዱ።

ከዚያ ሰደፉ የሚቀጥንበትን፣ እጅ የሚጨብጠውን ቦታ፣ ስንጥቅ እንዳለው እዩ። የብሎኖቹን ራስ ተመልከቱ፤ ተፋፍቀው ከሆነ የማያውቅ እጅ ፈቷታል። ማርሊን 60 ላይ ከበርሜሉ ሥር ያለውን የጥይት ቱቦ በጣታችሁ ዳብሱ፤ የተጨፈለቀ ካለ ጥይት አይወርድበትም።

ባንኮኒው ላይ

ከኢንተርኔት ብትገዙም ጠመንጃዋ ወደ ቤታችሁ አትመጣም፤ ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ትላካለች፣ እርሱም ከ20 እስከ 50 ዶላር የማስተላለፊያ ይወስዳል። ርካሽ የመሰለው ዋጋ እዚህ ላይ ይስተካከላል።

መታወቂያችሁ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖሩበት መሆን አለበት። ስማችሁ ደግሞ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። የእኛ ስም እዚያ አገር መከራ ያያል፦ ወልደ ማርያም በአንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት፤ የአባት ስም በአንዱ መካከለኛ ስም፣ በሌላው የቤተሰብ ስም። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል የገዢዎች ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል፣ ነገር ግን ስማችሁ ከሌላ ሰው ጋር ከተመሳሰለ «ይቆይ» ይላል። አትደንግጡ፣ ከሻጩም ጋር አትከራከሩ፤ እርሱም ምክንያቱን አያውቅም። ከ21 ዓመት በታች ያላችሁ ከ2022 ወዲህ ተጨማሪ ማጣሪያ ስላለባችሁ መዘግየቱን ጠብቁት። በየጊዜው የሚዘገይባችሁ ከሆነ ለማጣሪያው ክፍል አመልክታችሁ የራሳችሁ መለያ ቁጥር ማውጣት ትችላላችሁ።

ቅጹ «ትክክለኛው ገዢ እናንተ ናችሁ?» ይላል። የአጎት ልጅ ወረቀቱ ስላልደረሰ በእርሱ ገንዘብ በእናንተ ስም መግዛት፣ በእኛ ልማድ መረዳዳት ቢመስልም፣ እዚያ ወንጀል ነው፤ በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ በዚያው ግዛት ለሚኖርና ለተፈቀደለት ሰው በስጦታ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቤትና ተኩስ ሜዳ

የእኛ ቤት እንግዳ አይለየውም። ለፋሲካ ሃያ ሰው ከነልጆቹ ይገባል፤ ልጆቹም መኝታ ቤት ገብተው አልጋ ሥር ይጫወታሉ። ስለዚህ ጠመንጃዋ ባዶ ሆና ተቆልፋ፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከእናንተ ጋር ይሁን። ጠመንጃን ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ መደበቅ አይባልም። እዚህ ያላችሁ እናቶች ልጃችሁን መጠየቅ ያለባችሁም ይህንኑ ነው፦ «ለምን ገዛህ?» ሳይሆን «የት ቆለፍከው?»

መጀመሪያ ቀን ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሜዳው አሠልጣኝ ካለው ለአንድ ሰዓት ክፈሉት። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው፣ ጣት ከቃታ ውጭ ዒላማው ላይ እስክታነጣጥሩ ድረስ። ቃታ ስባችሁ ካልተኮሰች፣ 22 ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ አፈሙዙን ሳታነሡ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቃችሁ ክፈቱ። «ጠሽ» የሚል ደካማ ድምፅ ከሰማችሁ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ጥይት ከመተኮሳችሁ በፊት ባዶ አድርጋችሁ በርሜሉን እዩ።

ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ እርሳሷ ከአንድ ማይል በላይ ትሄዳለች። በተለይ ወደ ውሃ አትተኩሱ። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ በውሃው ላይ እያዘለለ ተጫውቷል፤ እርሳሱም እንደዚያው ነጥሮ ማዶ ላለው ሰው ይደርሳል። ከሜዳ ስትመለሱ ምንም ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው።

ደረሰኙንና የጠመንጃዋን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ከጠመንጃዋ ርቆ በሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ብትሰረቅ ፖሊስም ኢንሹራንስም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው። ወደ ሌላ ግዛት ስትዛወሩ ደግሞ ጓዛችሁን ከመጫናችሁ በፊት የአዲሱን ግዛት ሕግ አንብቡ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ወረቀት የያዛችኋት ጠመንጃ ድልድዩን ተሻግራ ዲሲ ስትገባ ምዝገባ ይጠበቅባታል።